የአበባ እርሻ ሥራ ሲያገኙ ስለ ጤናዎ ምን ይጠይቃሉ?

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ያደረሰችንን ጥያቄ እናስቀድም። «ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ሥራ አግኝቼ ሰኞ ግቢ ተብያለሁ። የሰባት ወር ሕፃን አጠባለሁ። ጎረቤቶቼ ‹መድኃኒቱ ያመክናል፤ ወተትሽንም ይመርዘዋል› እያሉ ያስፈራሩኛል። እናቴ ደግሞ ‹ዛሬ ሥራ ተገኝቶ ይመረጣል እንዴ?› ትለኛለች። ልግባ ወይስ ልቅር?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሥራ ፈላጊ የሆርቲካልቸር ሥራ ከሌላው የከተማዋ ነዋሪ ይልቅ ቅርቡ ነው። በአስኮ በኩል ቢወጣ ቡራዩን፣ መናገሻንና ሆለታን ያገኛል። በአየር ጤና በኩል ቢወጣ ደግሞ ዓለም ገናንና ሰበታን። በሁለቱም አቅጣጫ አበባና አትክልት የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ። አገራችን አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ ስትሆን፣ በዘርፉ ከተሰማሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ጎረቤትም እናትም የተናገሩት በብዙ ቤት የሚነገር ነው።

አጭሩ መልሳችን «ግቢ፤ ነገር ግን የትኛው ሥራ ላይ እንደምትመደቢ ሳታውቂ አትፈርሚ» የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ደግሞ እርስዎም ሥራ ፈላጊ ከሆኑ ወይም ልጅዎን፣ እህትዎን ወደዚህ ሥራ የሚልኩ ከሆነ አብረው ይከታተሉን።

በቅድሚያ ስለ ፍለጋው ጥቂት እንበል። በወረዳዎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ወጪ የለውም፤ መታወቂያዎንና የትምህርት ማስረጃ ካለዎት እሱን ይዘው ይሂዱ። ብዙ እርሻዎች በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ይቀጥራሉ፤ እዚያው ከሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሚገኝ መረጃም ጠቃሚ ነው። ደላላ «አስገባሻለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ሲጠይቅ ግን ይጠንቀቁ። ገንዘቡ ቢቀር እንኳ፣ በደላላ የገባ ሰው ስለ ሥራው ጠባይ የሚጠይቀው አካል አያገኝም። እዚህ ላይ ገንዘብና ጤና አንድ ይሆናሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «አበባ እርሻ ገባሁ» ማለት በራሱ ስለ ጤና ብዙም አይነግረንም። በአንድ አጥር ውስጥ አምስትና ስድስት ዓይነት ሥራ አለ፤ ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ይለያያል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ኬሚካል መበጥበጥና መርጨት ነው። በተለይ መበጥበጡ! ርጭት ላይ ያለው ውሕድ በብዙ ውኃ የቀጠነ ሲሆን፣ የሚበጠብጠው ሰው ግን ያልቀጠነውን ይዞ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ እጅ ላይ የሚፈስ ጠብታ ሙሉ ቀን ከመርጨት ሊከፋ ይችላል። ይህን ሥራ ሥልጠና ያልወሰደ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሊሠራው አይገባም።

ሁለተኛው የቆረጣ ሥራ ነው። ቆራጮች ኬሚካል በእጃቸው አይዙም፤ በመሆኑም ብዙዎች «እኔን አይነካኝም» ይላሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ግሪን ሃውስ የላስቲክ ቤት ስለሆነ የተረጨው ነገር ነፋስ አይወስደውም፣ ዝናብም አያጥበውም። ቅጠሉ ላይ ይቆያል። ቆራጯ እቅፍ ሙሉ ጽጌረዳ ደረቷ ላይ አስደግፋ ስትወጣ ከቅጠሉ ወደ ልብሷ፣ ከልብሷ ወደ ቆዳዋ ይሻገራል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ሰው ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክልበት የራሱ ጊዜ ያለው፤ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ከጥቂት ሰዓታት እስከ ቀናት ይደርሳል። ጊዜው በኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተጻፈ ሲሆን በደንብ በሚተዳደር እርሻ ደግሞ በግሪን ሃውሱ በር ላይ ይለጠፋል። በሩ ላይ ምልክት መኖር አለመኖሩን ሥራ ሊጠይቁ በሄዱበት ቀን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ስለ አንድ እርሻ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይህች ምልክት ትናገራለች።

ሦስተኛው ማሸጊያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ መቆም አለ፤ ወገብና እግር ያማል። ከኬሚካል አንጻር ከቆረጣ ይሻላል፤ ቢሆንም አበባው እዚህም ሲደርስ ቅጠሉ ላይ ያለውን ይዞ ነው። ማቀዝቀዣ ክፍል የሚሠሩት ደግሞ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ገብተው ይወጣሉና ወፍራም ልብስ፣ የእጅ ጓንትና በየመሀሉ የሚሞቁበት ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። አስም ያለበት ሰው ይህን ክፍል አይምረጥ። ችግኝ ማፍላትና መስኖ ላይ የሚመደቡት ከሌሎቹ ቀለል ይላቸዋል፤ የማዳበሪያ ዱቄት ሲይዙ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን መጠበቅ ግን አለባቸው።

አሁን መርዙ ወደ ሰውነት በምን በኩል እንደሚገባ እንመልከት። አብዛኛው ሰው በአፍንጫ ይመስለዋል፤ ነጠላ ወይም ሻሽ አፉ ላይ አስሮ የተጠበቀ ይመስለዋል። በርካታ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከሁሉ በላይ የሚገቡት በቆዳ ነው። ቆዳችንም እኩል አይደለም። ግንባር፣ አንገትና ብብት ከመዳፍ ይልቅ በቀላሉ ያስገባሉ። ፓራታዮን በተባለ ኬሚካል ላይ በተደረገ የቆየ ጥናት፣ በወንዶች ብልት አካባቢ ያለው ቆዳ ከክንድ ቆዳ ከአሥር እጥፍ በላይ ማስገባቱ ታይቷል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ እጅ የሚታጠበው ሽንት ቤት ከመግባትዎ በፊትም ነው፤ ከወጡ በኋላ ብቻ አይደለም። ነገሩ ያስቃል፤ ግን በጣም ጠቃሚ ልማድ ነው።

ስለ ጓንትም አንድ ነገር እንጨምር። ለእሾህ የሚሰጠው የቆዳ ጓንት እሾህን እንጂ ኬሚካልን አይከላከልም። እንዲያውም ጠጥቶ ይይዛል፤ የረጠበ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ከእጅዎ ጋር አጣብቆት ይውላል። ለመርጨትና ለመበጥበጥ የሚሆነው ፈሳሽ የማያሳልፍ የጎማ ጓንት ነው። የሱሪው ጫፍ ከቦቲው ውጭ መሆን አለበት፤ ቦቲው ውስጥ ከተከተተ የሚወርደው ፈሳሽ ሁሉ ወደ እግር ይጠራቀማል። ለኮቪድ ጊዜ እናደርገው የነበረው ማስክ የኬሚካል ትነትን አያቆምም። ለረጪዎች ማጣሪያ ያለው የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ይለወጣል።

ምልክቱን ማወቅ ሌላው ቁም ነገር ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ ያሳስተናል። ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲመጣ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ አሽትተን እንተኛለን። ምች የሚመስለው ነገር ግሪን ሃውስ ውለው በመጡበት ማታ የጀመረ ከሆነ፣ በዕረፍት ቀን ተሽሎዎት ሥራ ሲገቡ ከተመለሰ፣ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሦስትና አራት ሰዎችን አብሮ ከያዘ ምች አይደለም። ምራቅና እንባ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት መጨነቅ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ከተጨመረበት ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

እነዚህ ምልክቶች በተለይ የሚታዩት ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት በሚባሉ ኬሚካሎች ነው። ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ማላታይን ከመጀመሪያው ቡድን ነው። ነርቭ ጡንቻን ካዘዘ በኋላ ትዕዛዙን የሚያቆም ኮሊንኢስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም በሰውነታችን አለ፤ ኬሚካሎቹ ይህን ኢንዛይም ያስሩታል። የታሰረውን መጠን በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል። ችግሩ ጤናማው መጠን ከሰው ሰው የተለያየ መሆኑ ነው፤ ሥራ ሳይጀምሩ የተወሰደ የራስዎ ልክ ከሌለ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ብዙም አይናገርም። ስለዚህ ረጪ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ምርመራውን ከመጀመሪያው ርጭት በፊት ይጠይቅ።

ጉዳቱ የአንድ ቀን መመረዝ ብቻም አይደለም። በኢትዮጵያ በግሪን ሃውስ፣ በሰፋፊና በአነስተኛ የመስኖ እርሻዎች በሚሠሩ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ለኬሚካል በተጋለጡት ላይ የሰነበተ ሳልና የሳንባ አቅም መቀነስ አሳይቷል። በወጣትነት ቀስ ብሎ የሚቀንስ የሳንባ አቅም አይታወቅም፤ የሚታወቀው ኋላ ዳገት ሲከብድ ነው።

«ያመክናል» የሚለው ወሬስ? ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለ የአፈር ትል ማጥፊያ በሚመረትበት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች ልጅ መውለድ አለመቻላቸው ተደርሶበት ነበር። ያ ኬሚካል አጠቃቀሙ በኋላ ታግዷል። ከዚህ ተነስቶ አበባ የቆረጠ ሁሉ ይመክናል ማለት ግን ስህተት ነው። ልብ በሉ፤ ያ ችግር የታየው በወንዶች ላይ ሆኖ ሳለ ወሬው ዛሬ የሚያስፈራራው ሴቶችን ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙ ድንጋጌዎች አሉት። አሠሪው የመከላከያ ዕቃ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር ግዴታ አለበት፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ ዕቃ አይደለም። እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ከኤች አይ ቪ በስተቀር በራሱ ወጪ የማስመርመር ኃላፊነትም ተጥሎበታል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰውም ጓንቱንና ቦቲውን ከመጀመሪያው ቀን ያገኛል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሆነ ትርፍ ሰዓት እንድትሠራ አትመደብም። ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት አላት። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት፤ ሙቀቱ ሲበረታ ማውለቅ የሚቀናን ብዙዎች ስለሆንን ይህም ይነገር።

የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበርም ለአባላቱ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ብሎ ደረጃ ያወጣለት የአሠራር ደንብ አለው፤ የሠራተኛ ደኅንነት በውስጡ ይገኛል። «እርሻችሁ የትኛው ደረጃ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለቅጥር ሲቀርቡ ታዲያ ሲቪ ከማስገባት ባሻገር እነዚህን ይጠይቁ፦ የምመደበው የትኛው ክፍል ነው? ርጭት የሚካሄደው በስንት ሰዓት ነው፣ እኛስ ከስንት ሰዓት በኋላ እንገባለን? ገላ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ አለ ወይ? የሥራ ልብስ የሚታጠበው የት ነው? የሚጠጣ ውኃና ሽንት ቤት ከምሠራበት ምን ያህል ይርቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ሽንት ቤት ስለሚርቅ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ሴቶች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሠቃያሉ። ሆለታ ጠዋት ብርድ ነው፤ የላስቲኩ ቤት ግን እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል። ውኃ መጠጣት የግድ ነው።

«እንዲህ ብጠይቅ ሥራውን ይከለክሉኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሥጋቱ ይገባናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደ መርማሪ መደርደር አያስፈልግም፤ የክፍሉን ኃላፊ በትሕትና «ልብስ የምንቀይረው የት ነው ጋሼ?» ቢሉት ብዙው ይመለስልዎታል። ቀሪውን እዚያው የሚሠሩት ይነግርዎታል።

አሁን ሕፃኑ ያለበት ቤት እንግባ። በእኛ ግምት ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው፤ እርሻው ምንም ቢጠነቀቅ፣ ማታ በሰርቪስ ወደ ቀራንዮ የሚመለሰው ልብስ ቤት ውስጥ የሚደርሰው በእርስዎ እጅ ነው። ሕፃን እናቱ እንደገባች አንገቷ ሥር ይሸጎጣል። የሚሸጎጠው ግን ቀኑን ሙሉ የጽጌረዳ እቅፍ የተደገፈበት ልብስ ላይ ነው። ስለዚህ ልብስዎን እርሻው ላይ ይቀይሩ፤ ካልተቻለ ቤት ሲደርሱ ልጁን ሳያቅፉ ይቀይሩ። እጅ፣ ፊት፣ አንገትና ጡት በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ ያጥቡ። የሥራ ልብሱ ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብም፤ ለብቻው በላስቲክ ከረጢት ይቆያል፣ ለብቻው ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሰው ከረጢቱን ከበር ውጭ ይስቀለው።

ጡት ማጥባት ማቆም አይመከርም። የእናት ጡት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ የበዛ ነውና፤ መቆም ያለበት መጋለጡ ነው። የምታጠባ እናት ርጭትና ብጥበጣ ላይ እንዳትመደብ፣ ቢቻል ማሸጊያ ወይም ችግኝ ክፍል እንድትሆን ትጠይቅ።

ሌላው ባዶ ጀሪካን ነው። የኬሚካል ጀሪካን ጠንካራና ክዳኑ የሚገጥም ስለሆነ ለውኃና ለዘይት ይመኙታል። አሥር ጊዜ ቢታጠብም ወደ ቤት አይገባም። በዕቃው ግርጌ የተቀባውን ቀለምም ይወቁት፤ በብዙዎቹ ላይ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ ጎጂ፣ ሰማያዊ ጥንቃቄ የሚሻ፣ አረንጓዴ ደግሞ ከሁሉም ቀለል ያለ መሆኑን ያመለክታል። አረንጓዴ ማለት የሚጠጣ ማለት አይደለም።

ከከተማ መውጣት የማይችሉስ? በቀራንዮና በአካባቢው ሌላም የሆርቲካልቸር ሥራ አለ። የመንገድ ዳር አረንጓዴ ልማትና ፓርኮች ሰው ይፈልጋሉ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ችግኝ ማፍላት የብዙዎች እንጀራ ሆኗል። የጓሮ አትክልትም አለ። እዚህ ኬሚካሉ ያነሰ ነው፤ ችግሩ አፈሩና ውኃው ውስጥ ነው። በትንሹ አቃቂና በገባሮቹ ዳር ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ሰዎች የሚጠቀሙት የከተማው ፍሳሽ የገባበትን ውኃ ነው። በባዶ እግር ከገቡበት የመንጠቆ ትል በቆዳ በኩል ይገባና የደም ማነስ ያመጣል፤ ያልታጠበ እጅ ደግሞ ጃርዲያና ታይፎይድ ያመጣል። ቦቲ ማድረግ፣ ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ በሐኪም ምክር የትል መድኃኒት መውሰድ ይገባል።

የጽጌረዳ እሾህም ሆነ የአፈር ሥራ ለቴታነስ ያጋልጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍ የምንለው ነው። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ክትባቱን ስለሚያገኙ ብዙዎቹ ተከትበዋል፤ የሚረሱት ወንዶቹ ናቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። እሾህ በወጋው ቦታ ትንሽ እብጠት ወጥቶ ከሳምንታት በኋላ ወደ ክንድ ሽቅብ በተርታ ሌሎች እብጠቶች ቢከተሉት ስፖሮትሪኮሲስ የተባለ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚድን ነው፣ በቅባት ብቻ ግን አይድንም። ለዚህና ለሰነበተ የእጅ ቁጣ፣ በክፍለ ከተማው የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና በቅርብ አለ።

ድንገት ኬሚካል ከፈሰሰብዎ ልብሱን ወዲያው አውልቀው ገላዎን በብዙ ውኃና ሳሙና ይታጠቡ። ዓይን ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የዋጠ ሰው ካለ ወተት አጠጥቶ ወይም ጣት ከትቶ ማስታወክ ጉዳቱን ሊያብሰው ስለሚችል አይደረግም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይደወላል። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም በላዩ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው በእሱ ነው። በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ በዕለቱ በጽሑፍ እንዲመዘገብ ያድርጉ።

ለቀራንዮዋ እናት፦ ሰኞ ስትሄጂ የምታጠቢ መሆንሽን ቀድመሽ ተናገሪ። ቅያሪ ልብስና ሁለት የላስቲክ ከረጢት ያዢ፤ አንዱ ለንጹሑ፣ አንዱ ለሥራ ልብሱ። በግሪን ሃውሱ በር ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ አንብቢው፤ ከሌለ የቆዩትን ጠይቂ። ርጭት ላይ ልመድብሽ ካሉሽ ግን አትግቢ። የጤና ጣቢያ ካርድሽንና የሕፃኑን የክትባት ካርድ አሳይተሽ ሌላ ክፍል እንዲሰጡሽ ጠይቂ።